ክፉ መሬት አለን?

ተክል አልይዝ ሲል ጥፋቱ የሚጣለው በመሬቱ ላይ ነው። «ይኼ መሬት አይረባም»፣ «መሬቱ ከዳን»፣ «የተረገመ ነው» ሲባል የኖረ ነው፤ እንዲህ የሚሉትም መሬትን የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ ዕድሜያቸውን በሞፈርና በቀንበር ያሳለፉ ናቸው። ከዚህ አነጋገር በስተጀርባ ግን ከባድ የሃይማኖት ጥያቄ ተቀምጧል። ፈጣሪ የሠራውን ሁሉ አይቶ መልካም መሆኑን መስክሯል ብለን ካመንን፣ አንዱ መሬት አትረፍርፎ ሲሰጥ ሌላው የሚነፍገው ስለ ምንድን ነው? ሲፈጠር ጀምሮ ክፉ የሆነ መሬት አለ? ካለ እምነታችን ከባድ ጥያቄ ገጥሞታል፤ ከሌለ ደግሞ የገበሬው ምሬት ከምን እንደመጣ ማስረዳት ይኖርብናል። ጥያቄውን በደፈናው ከማንሣት በአንድ ተክልና በአንድ ሜዳ ላይ አውርዶ መመርመር ይሻላል። ተክሉ ብሉቤሪ ነው፤ ሜዳው ፎገራ ነው።

ብሉቤሪ ከሰሜን አሜሪካ የተገኘ፣ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ ነው። በሜዳው ላይ ባለችው በወረታ ከተማ ጓሮ ያለው ሰው ችግኙን አግኝቶ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ቢተክለው የሚሆነውን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ብዙዎቹ ነባር ዝርያዎች ረዥም የብርድ ወራት ካላገኙ ደህና አድርገው አያብቡም፤ ይህን ግን ብርድ ብዙ የማይፈልጉ አዳዲስ ዝርያዎች አቃልለውታል፣ ስለዚህ እንለፈው። ዋናው ጉዳይ ያለው ከመሬት በታች ነው። የብሉቤሪ ሥር በጣም ቀጭን ነው፤ ወደ ጥልቁ አይወርድም፤ የሌሎች ተክሎች ሥር የሚለብሰው ረቂቅ ፀጉርም የለውም። በዚህ ፈንታ ከአፈር ፈንገሶች ጋር ተዛምዶ ነው የሚመገበው። እንዲህ ያለ ሥር አየር ይወዳል። ዋልካ ደግሞ በክረምት ውኃ አዝሎ ይጨቀያል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሥሩን ክረምት ላይ ያፍነዋል፣ በጋ ላይ ይበጥሰዋል። ተክሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ ሆኖ ይህን ቢያመልጥ እንኳ ሌላ ይጠብቀዋል። ለብሉቤሪ የሚስማማው ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ፣ ማለትም ብዙ እህል የማይችለው ኮምጣጣ አፈር ነው። የሜዳው አፈር በአብዛኛው ከዚህ ከፍ ብሎ ወደ ገለልተኛው ይጠጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የለጋው ቅጠል ገጽ መገርጣት ይጀምራል፤ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ቅጠሉም በቢጫ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ይመስላል። ይህ ተክሉ ብረት እንዳጣ የሚያሳይ ምልክት ነው። አፈሩ ግን ብረት አላጣም። ብረቱ እዚያው ሥሩ አጠገብ አለ፤ አፈሩ በበቂ ስላልኮመጠጠ አልሟሟም፣ ያልሟሟ ብረት ደግሞ ለዚህ ሥር ከሌለ አይለይም።

አሁን ከጣና በስተደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዊ እንሻገር። ባንጃና ፋግታ ለኮማ ዝናብ የማይለያቸው ደጋ ወረዳዎች ናቸው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን ለዘመናት እያጠበ ስለወሰደው፣ መሬቱም ሳያርፍ ስለሚታረስና ገለባው ሳይቀር ከማሳው ስለሚነሣ አፈሩ ኮምጥጧል። እዚያ ገብስ የዘራ ሰው የሚገጥመው የብሉቤሪው ተቃራኒ ነው። የደከመውን ገብስ ነቅሎ ቢያይ ሥሩ አጥሮ፣ ጫፉ ወፍሮና ደንድኖ ያገኘዋል። እንዳያድግ የያዘው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም የሌለበት የሸክላ አፈር የለም፤ ፎገራም አለ። ፎገራ ላይ ግን ከሸክላው ጋር ተቆራኝቶ ስለተቀመጠ ማንንም አይነካም። አፈር ሲኮመጥጥ ነው ተሟሙቶ መርዝ የሚሆነው። እንግዲህ የፎገራን አፈር ለእህል ሥር ደህና ያደረገው፣ አሉሚኒየሙን ቆልፎ የያዘው ጠባይ፣ ያው ራሱ በብሉቤሪ ላይ ብረቱን ቆልፎበታል። የባንጃን አፈር ለገብስ መርዝ ያደረገው ጠባይ ደግሞ ብሉቤሪ ቢያገኘው ማዕዱን የሚከፍትለት ነበር። መሬቱ በሁለቱም ቦታ የሠራው አንድ ሥራ ነው። ክፉና ደግ የሚል ፍርድ የመጣው ማን እንደተተከለበት ከታየ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መልስም ይኸው ነው። የመሬት ክፋት የምንለው በመሬቱ ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ ሳይሆን በመሬቱና በተክሉ መካከል ያለ አለመጣጣም ነው። ሰው ይህን አለመጣጣም ከራሱ ፍላጎት አንጻር ያየውና በፍጥረት ላይ ፍርድ አድርጎ ይናገረዋል። የቀደሙት ሊቃውንት ከዚህ ጋር ታግለዋል። ቁስ አካል ራሱ ክፉ ነው የሚለውን የማኒን ትምህርት የተወው አውግስጢኖስ የሰጠው መልስ፣ ክፋት በራሱ የቆመ ነገር ሳይሆን የመልካም ነገር መጉደል ነው የሚል ነበር። ታላቅ መልስ ነው፤ ለአፈር ግን ሙሉ በሙሉ አይበቃም። የባንጃን ገብስ የሚጎዳው ከአፈሩ የጎደለ ነገር ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ የተገኘ፣ የሟሟ ነገር ነው። በቅዳሴው ስሙን የምናውቀው ባስልዮስ ዘቂሳርያ የሄደበት መንገድ ይበልጥ ይቀርባል። በስድስቱ ቀናት ፍጥረት ላይ በ4ኛው መቶ ዓመት ባስተማረው ትምህርት፣ ሰውን የሚገድሉ ተክሎች ለምን ተፈጠሩ ለሚሉት ሲመልስ፣ ሰው የሚሞትበትን ተክል የሚበሉ ወፎች እንዳሉና ምንም እንደማይሆኑ፣ ድርጭትም ሌላውን መርዘኛ ተክል ምግቧ እንዳደረገችው ይጠቅሳል። መርዝነቱ በተክሉና በበላተኛው ግንኙነት ላይ የቆመ ነው ማለቱ ነው። በእኛም በኩል፣ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከእንፍራንዝ ጋር ስሙ የተያያዘው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ከፈጣሪ የመጣው መልካም መሆኑን፣ ሰው የጨመረበት ግን በልቡና መመርመር እንዳለበት ይሟገታል። መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ላይ ከጣሊያናዊው ሊቅ ከኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ ክርክር አለ፤ ሐሳቡ ግን ደራሲው ማንም ይሁን ማን ክብደቱን አያጣም።

ባስልዮስን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎገራ ላይ ጓያ አለ። ሩዙ ታጭዶ ሲነሣ ዋልካው በያዘው እርጥበት ላይ ይዘራል፣ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሳያይ ይደርሳል። ሌላው እህል በጠፋበት ዓመት ነፍስ ያቆየ እሱ ነው። ያንኑ ጓያ ለወራት ሌላ ሳይቀላቅል የበላ ሰው ግን እግሩ ይተሳሰራል፤ በደንቢያና በፎገራ ሜዳዎች በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ሽባ የሆነበት ዘመን በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ከሌላ እህል ጋር በልክ ሲበላ ያላደረገውን፣ ብቻውን ሲበላ አደረገ። ጓያ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታው ነው።

የብሉቤሪ የራሱ ታሪክም ለዚሁ ይመሰክራል። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያለው ብሉቤሪ ከዱር ወደ ማሳ የገባው ገና መቶ ዓመት ቢያልፈው ነው። በኒው ጀርሲ ጥዳማና አሸዋማ የሆነ ሰፊ ምድር አለ፤ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ስንዴያቸው አልበቅል ሲላቸው መካን ምድር ብለው ሰየሙት። ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናት፣ ብሉቤሪ በማሳ ላይ እምቢ ያለው አፈሩ ለም ስላልሆነ ሳይሆን ስላልኮመጠጠ እንደሆነ አሳየ። በዚያው መካን በተባለው ምድር ላይ የምትኖረው ኤልዛቤት ዋይት ጥናቱን አንብባ ጻፈችለት፤ የአካባቢውን ሰዎች ትልልቅ ፍሬ ያለውን የዱር ቁጥቋጦ ላገኘ እከፍላለሁ ብላ አሰማራች፤ ቁጥቋጦዎቹንም ባገኟቸው ሰዎች ስም ጠራቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 የመጀመሪያው የማሳ ብሉቤሪ ለገበያ ወጣ። መሬቱን ማንም አልለወጠውም። ስንዴ ተጠይቆ የነሣው መሬት ሌላ ነገር ሲጠየቅ ሰጠ።

ፎገራም የራሱ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ጤፍና በቆሎ ለሚያስብ ሰው ያ ሁሉ መሬት የጠፋ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ በሜዳው ለረዥም ጊዜ የነገሠው ዝርያ ኤክስ-ጅግና የሚባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። የሩዝ አገዳ ተቆርጦ ቢታይ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ አየር የሚያወርዱ ክፍት መንገዶች አሉት፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይተነፍሳል። ለጤፍ መታፈኛ የሆነው ውኃ ለሩዝ አረም የሚያጠፋለት ረዳቱ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ነው፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። ሩዝ የገባው ጎርፉ ስለቀነሰ አይደለም። የተለወጠው የሰው ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጠንካራም ስለሆነ በዋዛ መታለፍ የለበትም። ሩዝ ሜዳውን ዋጋ ሰጠው ማለት ሩዝ ከመምጣቱ በፊት ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለምን? ደግሞስ ሩዝ ሲገባ ማን ወጣ? የወጣው ይታወቃል። ሜዳው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች፣ በወተቷ የተመሰገነች፣ ረግረግ የለመደች ላም ያወጣ ሜዳ ነው። ግጦሹ ለሩዝ ሲታረስ ንጹሑ ዝርያ እየመነመነ ሄዶ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልን ጥበቃ እስከመፈለግ ደርሷል። ከሰሜን ክረምት ሸሽተው ወደ ጣና ዳር የሚመጡት ወፎችም ያርፉበት የነበረው ረግረግ ጠብቧል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ሐሳቤን ግን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ያ ሜዳ ጠፍ መሬት ተብሎ በተቆጠረበት ዘመን ሁሉ ለላሟና ለወፉ መልካም ነበር። ክፉ ያለው ጤፍ የሚዘራው ሰው ብቻ ነው። ሩዝ የመሬቱን መልካምነት አልፈጠረም፤ ቀድሞ ከነበሩት መልካምነቶች መካከል አንዱን መርጦ ሌላውን አጠበበ። መሬት ክፉ አይደለም ማለት ምርጫው ሁሉ ያለ ዋጋ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የፎገራ ላም መመናመን ለእኔ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ጥፋቱን ግን ማንም በዋልካው ላይ ሊያላክክ አይችልም።

ሌላው ተቃውሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚመጣ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ከአዳም በደል በኋላ ምድር መረገሟን፣ እሾህና አሜከላ ማብቀሏን ይናገራል። ጌታም በዘሪው ምሳሌ መንገድ ዳር፣ ጭንጫና እሾህ ያለበትን ከመልካሙ መሬት ይለያል። በቁርኣንም በአል-አዕራፍ ምዕራፍ፣ በመልካሙ አገርና ቡቃያው በችግር በሚወጣው መጥፎ አገር መካከል ንጽጽር አለ። በእነዚህ ፊት መሬት ሁሉ መልካም ነው ማለት ድፍረት አይሆንም? አይመስለኝም። ሁለቱ ንጽጽሮች የሚናገሩት ቃሉን ስለሚሰማ ሰው ልብ ነው፤ ዘሪውም በእጁ የያዘው አንድ ዓይነት ዘር ነው፣ ጭንጫውም የተመዘነው በዚያ ዘር ነው። በጭንጫ ላይ የሚያምርበት ተክል መኖሩን ምሳሌው አልካደም፤ ጉዳዩም አልነበረም። ርግማኑን በተመለከተ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ማየት ይገባል። የመልካምነቱ ምስክርነት ቀድሟል፤ ርግማኑ የመጣው በሰው ምክንያት እንደሆነ እዚያው ተገልጿል፤ የተበላሸው በሰውና በመሬት መካከል ያለው ስምምነት ነው። እሾሁ ራሱ ምን እንደሆነ ለማወቅ የአማራን ቁጥቋጦ ማየት ነው። አጋም እሾሃም ነው፤ ማረሻ የያዘ ሰው ይጠላዋል። ሲበስል የሚጠቁረው ፍሬው ግን ጣፋጭ ነው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወቅቱን ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ብሉቤሪን ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ከማሰባችን በፊት አጋምን መርጦ፣ ትልልቅ ፍሬ ያለውን ለይቶ በጓሮ አጥር ላይ የማልማት ሥራ እንዳለ ማስታወስም ተገቢ ነው። ዋይት ያደረገችው ይህንኑ ነበርና።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሦስተኛው ነው። ታጥቦ አጥንቱ የወጣ ገደላማ መሬት አለ፤ ላሟም ወፉም ሩዙም ብሉቤሪውም የማይፈልገው። እሱስ ክፉ አይደለምን? ለዚህ መልሱ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ጉና ላይ ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ነው፤ የብሉቤሪ ዘመድ የሆነው አስታ ዛሬም እየሳሳ ቢሆን ላዩ ላይ ይበቅላል። ተራራውና ሥሩ ያለው የፋርጣ ደጋ ሲራቆት አፈሩ በሁለቱ ወንዞች ወርዶ ፎገራ ላይ ይተኛል። የሜዳው ለምነት ከፊሉ የፋርጣ ድህነት ነው፤ ይህን የፎገራ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። የታጠበው መሬት ግን ከተፈጥሮው ክፉ አልነበረም። ደኑን የጨረሰውና ተዳፋቱን ያለ እርከን ያረሰው ሰው ነው፤ ያንንም ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከችጋር የተነሣ ነው። እዚህ ላይ የአውግስጢኖስ ትምህርት በትክክል ይሠራል፤ ጉድለት አለ፣ የጎደለውም አፈሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት አለብን። ኮምጣጣ አፈር፣ ረግረግ፣ አሸዋ ለአንዳንዱ የማይስማሙ ፍጥረቶች ናቸው። የተራቆተ ተዳፋት ደግሞ ጉዳት የደረሰበት ነው፤ ጉዳትን ጉዳት ማለት ፍጥረትን መስደብ አይሆንም።

ይህ ከሆነ ኖራ መበተን ስሕተት ነው ወይ ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው ይባላል፤ መንግሥትም ኖራ ለማቅረብ ይደክማል፣ አንዱን ሄክታር ለማከም በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ያስፈልጋል። ገብስና ስንዴ የሚበላ ቤተሰብ ያለው ገበሬ ኖራ ቢበትን ትክክል ነው። ሰውም ከፍጥረት ወገን ነው፤ መሬቱ ለእሱም እንዲስማማ የመሥራት ሥልጣን በኤደን ተሰጥቶታል፣ ከመጠበቅ ኃላፊነት ጋር ተያይዞ። የምቃወመው ኖራውን ሳይሆን «የታመመ መሬት» የሚለውን የችኮላ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ይዘጋልና። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ኮምጣጣው ማሳ ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ ዘርተው፣ ከዓመታት በኋላ ከሰል አክስለው ሸጠዋል። የአዊ ድንችም በዚያው ደጋ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች መሬቱን ከማውገዝ ይልቅ ሌላ ነገር ጠይቀውታል።

ወረታ ላይ ብሉቤሪ የሚመኝ ሰውም አልተከለከለም። ትልቅ ማሰሮ ወይም በርሜል ላይ የጥድ ቅርፊትና የበሰበሰ ቅጠል ሞልቶ፣ ድኝ ጨምሮ፣ በክረምት ያጠራቀመውን የጣሪያ ውኃ እያጠጣ ሁለትና ሦስት ቁጥቋጦ ማሳደግ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አበባውን እየቀነጠሰ መታገሥ አለበት፣ ኦሪት ዘሌዋውያንም አዲስ የተተከለ ዛፍ ፍሬ ለሦስት ዓመት እንዳይበላ ማዘዙን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ፔሩ በረሃማ አሸዋ ላይ ሳይቀር ብሉቤሪ አልምታ በጥቂት ዓመታት ከዓለም ቀዳሚዋ ላኪ ሆናለች። እዚያ ግን የወንዝ ውኃ በቦይ ተስቦ የሚከፈልበት ዋጋ አለ፤ ወረታም ላይ በበጋ የርብን ውኃ በሞተር የሚስበው የሽንኩርት ገበሬ ከታች ሌላ ጠባቂ አለበት። በርሜሉ ጓሮ ውስጥ ሲሆን ማንንም አይነካም። ዋልካውን በሄክታር ገልብጦ፣ ድኝ በትኖ፣ ብሉቤሪ ለማድረግ መነሣት ግን ለዚያ ሜዳ የተሰጠውን መልካምነት ሳይጠይቁ መሻር ነው። ባንጃ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አፈሩ ከነኮምጣጣነቱ አለ፤ ዝናቡ አለ፤ ደጋው ብርድ አለው። ኖራው ሁሉን ማሳ ከማዳረሱ በፊት ውኃ የማይተኛበትን አንድ ጥግ ሳይነኩ ትቶ ጥቂት ችግኝ መሞከር፣ ለምርምር ተቋማትም ለገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያዎችም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።